ዘጠነኛው ጥያቄ

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ጫማ ጨራሽ» ይሏታል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆና ሃያ አንድ ዓመት ከቤት ቤት የዞረችው በእግሯ ነው፤ በዓመት ሦስት ጥንድ ጫማ ትጨርሳለች። ጫማ ሠሪው ገና ከሩቅ ሲያያት፣ «እትዬ፣ መንገዱ ነው የበላው ወይስ የሰው ችግር?» ይላታል። «መንገዱስ ምን አደረገ» ትለዋለች፤ ጫማዋን አውልቃ እየሰጠችው።

የጉብኝት ቅጹ አሥራ ሁለት ጥያቄ አለው። ልጁ የት ይተኛል፣ ማን ያበላዋል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ እያለ ይወርዳል። ከሁሉም የሚከብደው ዘጠነኛው ነው፦ «ልጁ ብቻውን ሆኖ ሲጠየቅ ምን አለ?» ብቻውን ማለት ብቻውን ነው። አሳዳጊ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ጥሎ ከሆነ ልጁ ብቻውን አይደለም።

ጫማ ጨራሽ አንድ ልማድ ነበራት። ያላየችውንና ያልሰማችውን አትጽፍም፤ ቦታውን ባዶ ትተወዋለች። ዓርብ ጠዋት ማኅደሮቹን ሁሉ ታገላብጥና ባዶ ቦታ ያለበትን አውጥታ ወደዚያ ቤት ትመለሳለች። መቶ አርባ ቤት በጭንቅላት አይያዝም። ስለዚህ የማስታወሱን ሥራ ለባዶው ቦታ ትታለታለች። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አስቀድማ የምታስተምረውም ይህንኑ ነው። «ባዶ ቦታ ስንፍና አይደለም፤ ባዶ ቦታ ቀጠሮ ነው» ትላለች።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ፕሮግራም አመጣ። ሠራተኞቹ «ጸሐፊው» የሚል ስም አወጡለት። ከጉብኝት ሲወጡ ያዩትን በስልክ ይነግሩታል፤ እሱ ቅጹን ሞልቶ፣ ቃላቱን አሳምሮ ይመልስላቸዋል። ከዚያ አንብቦ «አጽድቅ» የሚለውን መጫን ነው፤ ስጋት ያልተገኘበት ማኅደር በዚያው ይዘጋል።

ከሁሉ ቀድሞ የወደደው «ፈጣኑ» የሚሉት ወጣት ባልደረባዋ ነበር።

«እትዬ፣ ጸሐፊው ፊደል አይገድፍም፤ ሻይ ልጠጣ ብሎም አይወጣም» አላት።

«እግርስ አለው?»

«እግር ምን ያደርግለታል?»

«እንግዲያው ማን ነው የሚሄደው?»

«እርስዎ ነዎታ። እሱ ይጽፋል፣ እርስዎ ይሄዳሉ። እኩል ተካፈላችሁ።»

ሳቀች። እውነት ለመናገር ደስ ብሏታል። ሦስት ሰዓት ይፈጅባት የነበረው ጽሑፍ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። የተረፋትን ሰዓት ለቤቶቹ ልትሰጥ አሰበች፤ እዚህ ቤት ትንሽ ልትቀመጥ፣ እዚያ ቤት ከልጆቹ ጋር ልትጫወት። ኃላፊው ግን የተረፋትን ሰዓት አየና ቤት ጨመረባት። በቀን ስድስት የነበረው አሥራ አንድ ሆነ።

አንድ ሰኞ፣ ሰባተኛው ቤት የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤት ነበር። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የምታሳድጋት የአባቷ እኅት ናት። ወደ መሥሪያ ቤቱ የደወለችው ጎረቤት ነበረች። «ልጅቷ ስታለቅስ እንሰማ ነበር፤ አሁን አሁን ደግሞ ማልቀሱንም ትታዋለች» ነበር ያለችው።

አክስቲቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ይግቡ፣ ይግቡ። እንግዳ ከጠፋበት ቤት መጡ።»

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ሁለት የተነጠፉ አልጋዎች አሉ፤ ከበሩ ኋላ ደግሞ የተጠቀለለ ቀጭን ምንጣፍ ቆሟል። ልጅቷ ጓሮ ሆና ከራሷ የሚበልጥ ብርድ ልብስ በገንዳ ታጥባለች። የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ድረስ ርሷል፤ አልሰበሰበችውም።

«እጅጌሽን ለምን አትሰበስቢም የኔ ልጅ?» አለቻት ጫማ ጨራሽ።

ልጅቷ አክስቷን አየች።

«ብርድ አትችልም» ብላ አክስቲቱ መለሰች። «በእናቷ ወጥታ ነው። የእናቷ ዘር እንኳን ብርድ፣ ሰው ቆጣ ሲልም ይታመማል።» ራሷ ባለችው ሳቀች።

«ከልጅቷ ጋር ለብቻችን ትንሽ ብንነጋገር።»

«ከእኔ የሚደበቅ ምን አላት? ያበላኋት እኔ፣ ያለበስኳት እኔ። ይኸው ይጠይቋት፤ አፏን አልያዝኩባት።»

«ደንቡ ነው።»

«ደንቡ ይኑር። እኔ ግን ከገዛ ቤቴ ወዴት ልሂድልዎ? ጣራ ላይ ልውጣ?»

ከበሩም ንቅንቅ አላለችም። ጫማ ጨራሽ ግትር ማለት ትችል ነበር። ግን እሷ ወጥታ ስትሄድ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ እንደምትሆን በሃያ አንድ ዓመት ተምራለች። አክስቲቱ ዓርብ ጠዋት ወደ ገበያ እንደምትወጣ ጎረቤቷ ነግራታለች። ስለዚህ አመስግና ተነሣች።

ልጅቷ የግቢውን በር ልትዘጋ ተከትላት ወጣች። ጫማ ጨራሽ ጫማዋን እንደምታስር ጎንበስ አለች።

«ዓርብ ጠዋት እመጣለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ እናወራለን።»

«የትኛው ዓርብ?»

«የዚህ ሳምንቱ። ከአራት ቀን በኋላ።»

ልጅቷ የግራ እጇን ጣቶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ አጠፈች፤ አውራ ጣቷ ብቻ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አራቱን ቀን ሰው እንዳይቀማት ይመስል እጇን ከነጭብጧ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

ጫማ ጨራሽ አውቶቡስ ስትጠብቅ ያየችውን ለጸሐፊው ነገረችው። ቤቱን፣ አልጋዎቹን፣ ገንዳውን፣ እጅጌዋን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ዝም ብላ አለፈችው። ከዚያ በኋላ አራት ቤት ቀርቷት ነበር።

ከአሥራ አንደኛው ቤት ስትወጣ እግሯ አብጧል። አሥራ አንዱም ሪፖርት ስልኳ ላይ ተሰልፎ ጠበቃት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አነበበች። እሷ በሃያ አንድ ዓመት እንዲህ አሳምራ ጽፋ አታውቅም። የቀሩትን ስምንት አላነበበችም። «አጽድቅ» የሚለውን ስምንት ጊዜ ተጫነች፤ የሠራው ጣቷ እንጂ ዓይኗ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት መሥሪያ ቤት ገብታ ባዶ ቦታ ያለባቸውን ማኅደሮች እንዲያወጣላት ጸሐፊውን ጠየቀችው። «ባዶ ቦታ ያለው ማኅደር የለም» አላት። ሁለተኛ ጠየቀችው፤ ያንኑ መለሰላት። አንድ የረሳችው ነገር ያለ መሰላት። የሳምንቱን ቤቶች በልቧ ልትቆጥር ሞከረች፤ አርባ አራት ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ይደባለቅባታል። ማስታወሱን ለባዶው ቦታ ከሰጠች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባዶው ቦታ ደግሞ የለም ተባለ። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳምንቱ ሞላላት ብላ ደስ አላት። በጊዜ ቤቷ ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከረች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ቀን ተከበረ። በአዳራሹ የላስቲክ አበባ ተደረደረ፤ «ባለውለታዎቻችን» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ኃላፊው ንግግር አደረገ።

«እናንተ ሻማ ናችሁ። እየቀለጣችሁ ለሌላው ታበራላችሁ» አለ።

ፈጣኑ ወደ ጫማ ጨራሽ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «መብራት ካልጠፋ አያስታውሱንም ማለታቸው ነው» አላት።

ከዚያ ሽልማት መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ማኅደር በመልካም ውጤት የዘጋችው እሷ ናት ተባለ። እየተጨበጨበላት መድረክ ላይ ወጣች። ለበዓሉ የተጫማችው አዲስ ጫማ እግሯን እየጨመቃት ነበር።

ኃላፊው ወረቀት አነሣ። «ሥራዋ እንዴት ያለ እንደሆነ እንድትሰሙ ከሪፖርቶቿ አንዱን ላንብብላችሁ። የባለጉዳዮቹን ስም አልጠራም።» ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። «ቤቱ በንጽሕና የተያዘ ነው። አክስት ለልጅቷ ከእናት የማያንስ ፍቅር ታሳያለች። ልጅቷም በቤት ውስጥ ሥራ በደስታ ትሳተፋለች።»

ጫማ ጨራሽ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ገንዳው ትዝ አላት። የራሰው እጅጌ ትዝ አላት።

«ልጅቷ ብቻዋን ሆና ስትጠየቅ ደስተኛ መሆኗንና አንዳችም ስጋት እንደሌለባት በፈገግታ ገልጻለች።»

የታጠፉት አራት ጣቶች ትዝ አሏት።

«ይህን እኔ አልጻፍኩትም» አለች።

ኃላፊው ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ትሕትናዋን አያችሁ?» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ።

«አልጻፍኩትም ነው የምለው። ልጅቷን አልጠየቅኋትም።»

ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላት። ኃላፊው የምስክር ወረቀቱን እጇ ላይ አስጨበጣት። ፎቶ አንሺው ከታች ሆኖ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉልን እንጂ» አላት።

ከመድረኩ ወርዳ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች። ፈጣኑ ደጅ ላይ ደረሰባት።

«ምን ሆኑ?»

«ዘጠነኛውን ባዶ ነበር የተውኩት።»

«ባዶ አይቀበልም እኮ። ባዶ ካገኘ ከሌሎች ማኅደሮች አይቶ ይሞላዋል። መመሪያው ላይ አለ።»

«በምን ይሞላዋል?»

ፈጣኑ መልሱ ከአፉ ሳይወጣ ፊቱ ተለወጠ። «በሚመስለው» አለ።

«ሂድ፣ ፖሊስ ይዘህ ና» ብላ የቤቱን አድራሻ ነገረችው።

አክስቲቱ በሩን ስትከፍት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አዲስ ጫማ! ከሠርግ ነው የሚመጡት?» ዓይኗ እጇ ላይ ያለው ወረቀት ላይ አረፈ። «ሸለሙዎት እንዴ? ይገባዎታል። እንደ እርስዎ ያለ ሐቀኛ አላየሁም።»

ጫማ ጨራሽ አልፋት ገባች። ልጅቷ ገንዳው ፊት ተቀምጣለች። የምታጥበው በአንድ እጇ ነው። ግራ እጇ ከክርኗ በታች ተጣሞ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ያለ ሐኪም የዳነ አጥንት እንደሆነ ያስታውቃል።

«ከደረጃ ወድቃ ነው» አለች አክስቲቱ ከኋላ።

ቤቱ ደረጃ አልነበረውም።

«ይውጡልኝ» አለች ጫማ ጨራሽ።

«ከቤቴ?»

«ከቤትዎ። ፖሊስ እስኪመጣ ደጅ ቆመው ይጠብቁ።»

«በራሳችሁ ወረቀት ልትከሱኝ ነው?» አክስቲቱ ስልኳን አወጣች። «ይኸው የላካችሁልኝ። 'የልጅዎ ጉዳይ በመልካም ውጤት ተዘግቷል። ልጅቷ ደስተኛ ናት፤ ስጋት የለባትም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።' ማን ነው የጻፈው፣ እኔ ነኝ?» ድምፅዋ ለሰለሰ። «በየቀኑ ነው የማነብላት። ልታለቅስ ስትል አነብላታለሁ። አየሽ፣ ያቺ ደግ ሴትዮ እንኳን ደስተኛ ናት ብላ ፈርማልሻለች፤ ደስተኛ ሰው ደግሞ አያለቅስም እላታለሁ። ይህን ካልኳት ወዲህ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም።»

ድምፁን ሰምታ ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ጫማ ጨራሽን ስታያት ፊቷን አጠቆረች።

«ዛሬ ነው የሚመጡት?» አለቻት። «ያን ዓርብ ከጠዋት ጀምራ የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው አለችኝ። ልብሱን ሳታጥብ አክስቷ ከገበያ ደረሰች።» ወደ ተጣመመው እጅ በአገጯ አመለከተች። «ያኔ ነው።»

ፈጣኑ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሲመጣ አክስቲቱን ደጅ አወጧት። ጫማ ጨራሽ ልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሁን በእርግጥ ብቻቸውን ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ አሁን ማንም አይሰማንም። እንዴት ነሽ?»

ልጅቷ እጇን ከገንዳው አውጥታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ አስተማሪ ፊት እንደሚቆም ተማሪ ሆነች።

«ልጅቷ ደስተኛ ናት» አለች። «ስጋት የለባትም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

አንድ ቃል አልገደፈችም።

ሐኪሙ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ መታሰር አለበት አለ። ተሰበረ፤ ታሰረ። እጇ ቀና። ነርቩ ግን ከተጎዳ ቆይቷል፤ ጣቶቿ ከእንግዲህ እስከ መዳፏ አይታጠፉም አለ።

በማግሥቱ ኃላፊው ጫማ ጨራሽን አስጠራት። በሩን ዘጋ።

«በጸሐፊው አታሳብቢ» አላት። «'አጽድቅ'ን የተጫነው ጣት የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«እሱን ካወቅሽ እንግባባለን። ጸሐፊው ሪፖርቱን ያስተካክለዋል። 'ከጉብኝቱ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ' ይላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንቺም ትድኛለሽ፣ እኛም እንድናለን።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷንማ አወጣሻት እኮ። ከዚህ በላይ ምን ትሆንልሽ?»

ከጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ወሰደች። እዚያው ቆማ በእጇ ጻፈች፦ «ልጅቷን ብቻዋን አልጠየቅኋትም። መልሱን የጻፈው ፕሮግራሙ ነው። ሳላነብ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ዓርብ እመለሳለሁ ብያት አልተመለስኩም።» ፈረመችና ማኅደሩ ውስጥ አስገባችው።

«ሰው በገዛ እጁ መቃብሩን ሲቆፍር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አላት።

ከቤት ጉብኝት አነሣትና ማኅደር ቤት አስቀመጣት። የምስክር ወረቀቱን ግን አልቀሟትም፤ ቢቀሟት ለምን ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ፎቶዋም በአዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰቀለ። ፈገግ አላለችም።

ማንም ሳያዘው ፈጣኑ አንድ ሥራ ሠራ። ጸሐፊውን ራሱን፣ «ዘጠነኛውን ጥያቄ አንተ የሞላኸው ስንት ማኅደር ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጸሐፊው አልዋሸም፤ እስከዚያ ቀን ሳይናገር የቀረው የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት አለ። ስም ዝርዝሩንም አወጣለት። ፈጣኑና ስድስት ባልደረቦቹ ከመደበኛው ሥራ በላይ፣ ቅዳሜን ጨምረው፣ ሁሉንም ቤት በእግራቸው አዳረሱ። በየቤቱ አሳዳጊውን ደጅ አስወጥተው ልጁን ብቻውን ጠየቁ። በዚያ ወር ፈጣኑ ጫማ ጨረሰ። ጫማ ሠሪው፣ «አንተም ጀመርህ?» አለው።

በሁለት መቶ አምስቱ ቤት ጸሐፊው የገመተው ልክ ሆኖ ተገኘ። በዘጠኙ አልነበረም።

ኃላፊው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ዘጠኝ ብቻ? ይህማ ትልቅ ውጤት ነው፤ ለበላይ አካል መጻፍ አለበት።»

«የዘጠኙን ስም ልንገርዎት?» አለው ፈጣኑ።

«ስም አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃል።»

ፈጣኑ ግን አልተወውም፤ ሳይታክት ደብዳቤ ጻፈ፤ በየስብሰባው እጁን አወጣ። በመጨረሻ ቅጹ ባዶ ቦታ መቀበል ጀመረ። አሁን ጸሐፊው ዓርብ ጠዋት የባዶዎቹን ዝርዝር ያወጣል፤ ሠራተኞቹም ይዘውት ይወጣሉ።

ልጅቷ አሁን የምትኖረው በልጆች ማሳደጊያ ነው። ማኅደሯን የያዘው ፈጣኑ ነው፤ ዘጠነኛውን ጥያቄ ግን እሱ አይጠይቅም። «እርስዎ ይጠይቋት፤ ቀጠሮው የእርስዎ ነው» ብሎ ቅጹን ለጫማ ጨራሽ ይሰጣታል። ዓርብ ዓርብ ከማኅደር ቤት ትወጣና ትሄዳለች። አንድም ዓርብ አልቀረችም። ይኸው ስምንተኛ ወሯ ነው።

ጓሮው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ይቀመጣሉ። ልጅቷ ወፍራለች። ፀጉሯ ተሠርቷል። ብርድ በሌለበትም እጅጌዋን አትሰበስብም።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?»

«ልጅቷ ደስተኛ ናት። ስጋት የለባትም።»

ስለ ትብብሩ ማመስገኑን ባለፈው ወር ትታዋለች። ለጫማ ጨራሽ ያ ትልቅ ነገር ነው።

«እጅሽን ያምሻል?»

ልጅቷ መልሱን የሆነ ቦታ እንደምትፈልግ ሁሉ ዓይኗን ታንከራትታለች። ለዚህኛው ጥያቄ ያጠናችው መልስ የላትም። ግራ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ትከታለች።

ጫማ ጨራሽ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከአንድ እስከ ስምንት ትጽፋለች። ዘጠነኛውን ባዶ ትተወዋለች። አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን፣ አሥራ ሁለተኛውን ትጽፋለች። ልጅቷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ባዶውን ቦታ ታያለች፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ዓርብ እመጣለሁ» ትላታለች ስትነሣ።

ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች። የትኛው ዓርብ ብላ ግን አትጠይቅም።